ማንም ዞር ብሎ የማያያት መኪና

መኪናዋ ግራጫ ነበረች። ባለ አራት በር፣ አፍንጫዋ ክብ፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ። ባለቤቷ ጣሊያናዊት አዋላጅ ነበረች። አዋላጇ ሻንጣዋን ጠቅልላ ወደ አገሯ ስትመለስ የሚገዛት ሰው ጠፋ፤ መኪናዋ ቃሓውታ በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ከረመች። ዶሮዎች መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። የአስመራ ወጣት በዚያን ጊዜ የሚመኘው ቀይ ባለ ሁለት በር ነው። እንዲህ ያለችውን ሽማግሌ ሐኪም ወይም ባሏ የሞተባት ሴት እንጂ ሌላ ሰው አይነዳትም ይባል ነበር። እኔ ግን ከሥሯ ተኝቼ አየኋት። ሻንሲዋ ዝገት አልነካውም። የሞተሯ ብረት ወፍራም ነው፤ ቢፋቅም የሚችል። ክብደቷ ከመልኳ ያነሰ ነው። ከሥሯ ስወጣ ልብሴ ላይ የዶሮ ላባ ተለጥፎ ነበር፤ ልጄ ሳቀብኝ።

ልጄን ላስተዋውቅ። ወንድ ልጅ ያለኝ እሱ አንድ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ሃያዎቹን ጀምሯል። ማይ ጭሆት ሰፈር ባለችው ጋራዤ ከእኔ ጋር ይሠራል። ሞተር እኔ እበልጠዋለሁ፤ መሪ ሲጨብጥ ግን እሱ ይበልጠኛል። ይህን ለራሱ ነግሬው አላውቅም። ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያበላሸዋል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ጣሊያንኛ ማንበብ የቻልኩት ከመኪና መመሪያ ነው። አማርኛ የቻልኩት ደግሞ ልጆቼ ይዘውት ከሚመጡት መጽሐፍ፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የትግርኛው መጽሐፍ ከክፍላቸው ከወጣ በኋላ ነው። ማታ ማታ የእነሱን የቤት ሥራ እያነበብኩ ቃል በቃል ተማርኩት። ይህን በአማርኛ የምጽፈው የሴት ልጄ ልጆች የሚያነቡት እሱን ስለሆነ ነው። እዚህ የሚነጋገረው ሰው ሁሉ ግን፣ ከአንድ ወታደር በቀር፣ የተናገረው በትግርኛ ነው።

መኪናዋን የገዛናት ለእሽቅድምድም ነው። በከተማው መንገድ ላይ ውድድር ይደረግ ነበር፤ ማዕዘኖቹ ላይ የገለባ ነዶ ይደረደራል፣ ሕዝቡ በረንዳው ላይ ይሞላል። እኔ በወጣትነቴ የጣሊያኖቹን ጎማ እየቀየርኩ ከዳር ሆኜ ነው ያየሁት። ልጄ ከውስጥ እንዲያየው ፈለግሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ክረምቱን ሙሉ ሠራናት። የኋላ መቀመጫዋንና ምንጣፏን አወጣን፤ ከባድ ነገር ሁሉ ተነቀለ። ቴስታታዋን፣ የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ አስፍቀን ዝቅ አደረግነው፤ ነዳጁና አየሩ በጠባብ ቦታ እየታመቀ በኃይል እንዲፈነዳ። አየር የሚገባበትን ቀዳዳ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ በእጃችን አለሰለስነው። ፒስተኖቹን ገበያ ወዳለው ወርቅ ሠሪ ወስጄ በወርቅ ሚዛን አስመዘንኳቸው። ከአራቱ አንዱ እንዳይከብድ ከውስጣቸው በሞረድ ቀነስኩ። ወርቅ ሠሪው፣ «ማስትሮ፣ ይህን የሚያህል ቀለበት ለማን ጣት ነው?» እያለ ቀለደብኝ። የፍሬኑ ከበሮ እንዳይግል ቀዳዳ በሳን። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አውጥተን ጭሱን በቀጥተኛ ቧንቧ ለቀቅነው። ስትነሳ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ይጮህ ነበር።

ለልጄ አጥብቄ ያስተማርኩት ግን ማሻሻሉን አይደለም፤ መጠበቁን ነው። መኪና ማፍጠን ኩራት የሚሰጥ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ይሮጥለታል። ከሮጠች በኋላ ብሎኖቿን አንድ በአንድ መልሶ ማጥበቅ፣ ዘይቷን በጣት አሽቶ ማሽተት፣ የቫልቮቹን ክፍተት መለካት ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው። የሰው ጠባይ የሚታወቀው በዚህ ነው እለው ነበር። እሱም ሳያጉረመርም ይሠራ ነበር። እሱን እያየሁ ልቤ ይረጋ ነበር። ከተማው ውስጥ ግን የሚረጋ ነገር አልነበረም። የመንግሥት ኮማንዶዎች በጂፕ ቀስ ብለው ያልፋሉ። የምናውቀው ሰው ለአንድ ጥያቄ ተብሎ ይጠራል፤ አይመለስም። ባለቤቴ ልጃችን ሲያመሽ በር ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀው።

በውድድሩ ቀን ሕዝቡ ሳቀብን። «አዋላጇ መጣች!» አለ አንዱ ከበረንዳ። «ወንድሜ፣ ምጥ የያዛት ማን ናት?» ሌላው ተቀበለው፤ «ቀስ በል፣ እናትዬዋ ከኋላ ተኝታለች!» ልጄ የራስ ቁሩን እያጠበቀ ፈገግ አለ። ከዚያ ሰንደቁ ወደቀ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሳቁ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ያ የበረንዳው ሰውዬ ባርኔጣውን እያውለበለበ ለእኛ ይጮህ ነበር። ሁለት ቀይ መኪኖች ብቻ ቀድመውን ገቡ።

እዚያው፣ ሰው እየተቃቀፈ ሳለ፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ጨበጠኝ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ንግግሩ የታረመ፣ ጫማው የተወለወለ።

«ማስትሮ፣ ግሩም ሥራ ነው» አለኝ። ወደ መኪናዋ ዞሮ በሯ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በመዳፉ ሸፈነው። «ይህ ቁጥር ሲነሳላት ደግሞ ማንም አያውቃትም። አይደለም?»

«አያውቃትም» አልኩት። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ተለወጠ። ይሠራል፤ ግን አይቀልድም። አንድ ጠዋት ወደ ጋራዡ ስገባ የኋላ መቀመጫውን መልሶ ሲያስር አገኘሁት። «ለሚቀጥለው ውድድር ክብደት ትጨምራለህ እንዴ?» አልኩት። «እስከዚያ ለቤት እንጠቀምባት» አለ። አለፍኩት። ቀጥሎ ማርሚታ ገጠመላት፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ አንዱን ካንዱ ኋላ። ሞተሯን ሲያስነሳት የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ይሰማ ነበር። ጎረቤት ስለ ጩኸቷ አማርሮ ነው አለኝ። ይህንንም አለፍኩት። ከዚያ የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ብረት ደረበ። እዚህ ላይ ቆምኩ። ባሌስትራ ዕቃ ወይም ሰው የሚሸከም የብረት ክምር ነው። የሚወዳደር ሰው ብቻውን ነው የሚነዳው። ኋላዋን ያጠነከረ ሰው ከኋላ ሰው ሊጭን ነው፤ ያውም ሦስት ጎልማሶች፣ ያውም ቀስ ብሎ ለማይሄድ ጉዞ።

ሥራ የሚሠራው ሰው ባይናገርም ሥራው ይናገራል። እያንዳንዱን ለብቻው ሳየው ምንም አይደለም። ሦስቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ግን ድምፅ የሌላት፣ ሰው የምትጭን፣ እንደ ጥይት የምትሮጥ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት መኪና ሆነችብኝ። እንዲህ ያለች መኪና ለውድድር አትሆንም። ለምን እንደምትሆን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ባለሥልጣን ቡና ቤት ደጃፍ ላይ ተገድሎ፣ ገዳዮቹ የገቡባትን መኪና ቀለም እንኳ የሚናገር ጠፍቶ ነበር። አንዱ ነጭ አለ፤ ሌላው ሰማያዊ።

በምሳ ሰዓት የጋራዡን በር ከውስጥ ዘጋሁና ልጄን አስቀመጥኩት።

«የኋላ መቀመጫው ለምንድን ነው?»

«ነገርኩዎት እኮ፣ አቦይ። ለቤት።»

«ሁለት ማርሚታስ?»

«ጎረቤት…»

«የጋራዡ ጎረቤት ጆሮው አይሰማም እኮ! ባሌስትራውስ?»

እሱ ጨርቅ አንስቶ ንጹሕ የሆነ እጁን ይጠርግ ጀመር።

«ማን ነው የሚነዳው?» አልኩት።

«ከእኔ የሚሻል ሰው ካለ ይንገሩኝ» አለ።

«ኣይፋልን» አልኩት፤ አይሆንም ማለት ነው። «ኣይፋልን፣ ወደይ፣ የኔ ልጅ።»

«አቦይ፣ መንግሥት የአገራችንን ሰንደቅ ያወረደ ቀን እራት አልበሉም። አላየሁም ብለው ነው? አንገትን ሰብሮ መኖር ነውር ነው እያሉ ያሳደጉኝ ማን ነው? እርስዎ ያሉትን ነው የማደርገው።»

ነገሩ ትክክል አይደለም ልለው አልቻልኩም፤ እኔም በልቤ ከሱ ጋር ነበርኩ። መግደል ኃጢአት ነው አልኩት። «እነሱስ?» አለኝ። ለእናትህ እዘንላት አልኩት። ራሱን አቀረቀረ፤ ግን እምቢ እንዳለ ነው። ያለኝ ክርክር አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም የሚል። እሱን ደግሞ አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ። የሰው ሁሉ ልጅ ለአባቱ እንደዚያው ነውና።

በማግስቱ ኮት የለበሰው ሰውዬ ወደ ቤታችን መጣ። ቆቡን አውልቆ ባለቤቴን እጅ ነሣ፤ ሻሂ ቀረበለት፤ ጠጣ፤ «የቐንየለይ» ብሎ አመሰገነ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«በዚህ ሳምንት መጨረሻ እንወስዳታለን፣ ማስትሮ። ዝግጁ ናት?»

ሰውዬውን እምቢ ብለው ልጄ ፊት ነው የማዋርደው፤ ጓዶቹም እምቢ ያላቸውን አይረሱም። ለመንግሥት ብናገር የገዛ ልጄን በእጄ መስጠቴ ነው፤ ያን ደግሞ ሞቼም አላደርገው። ስለዚህ የሥራ ሰው የሚናገረውን ተናገርኩ። «በረጅም መንገድ አልተፈተነችም። ከልጄ ጋር ወደ ባሕር ወርደን ልሞክራት።»

«ደግ አደረጉ» አለ። «ጥንቃቄ እወዳለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። አስመራ ከፍታ ላይ ነች፤ አየሯ ስስ ነው። ስለዚህ የአስመራ መካኒክ ካርቡራተር ውስጥ ያለውን ጂግለር ጠባብ ያደርገዋል። ጂግለር ቤንዚን የሚያልፍባት፣ ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን የምታህል የነሐስ ቁራጭ ናት። ለስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃል። ቴስታታውንም ሌላ አገር ከሚደፈረው በላይ እንፍቀዋለን። ምጽዋ ግን አየሩ ወፍራም ነው። በአስመራ ጂግለር እዚያ በኃይል የነዳ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰውና ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተኑም ይቀልጣል። ስለዚህ ሞተሩን የነካካ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ሲወርድ መንገዱ መካከል ባለችው ጊንዳዕ ላይ ይቆማል። ዛፍ ሥር ኮፈኑን ከፍቶ ሰፊውን ጂግለር ያስገባል፣ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ሎሚ በስኳር ጠጥቶ ይቀጥላል። በትንሽ ቆርቆሮ የተቀመጡት ሰፋፊ ጂግለሮች መሪው አጠገብ ነበሩ።

ጠዋት ወጣን። እኔ ነዳሁ። ከከተማው መውጫ ላይ ወታደር አስቆመን፤ በመስኮት አጎንብሶ መቀመጫውን አየና «አባባ፣ በዚህች ሬሳ ሣጥን ምጽዋ ልትደርስ ነው?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። «ከደረስኩ ዓሣ አመጣልሃለሁ» አልኩት። ልጄ ፊት ለፊት እያየ ነበር። ወታደሩ ጣሪያዋን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አሳለፈን። የደንብ ልብሱ አንገቱም እጅጌውም የሰፋበት ልጅ ነበር፤ ልጄን ቢበልጠው በአንድ ዓመት ነው።

ነፋሲትን በጉም ውስጥ ወረድን። ሙቀቱ እየመጣ ኮታችንን አወለቅን። ጊንዳዕ ደረስን፤ የብርቱካን ሻጮቹ እጃቸውን አነሡ። አልቆምኩም።

«አቦይ፣ ጂግለሩ» አለ ልጄ።

«ከታች እንቀይረዋለን።»

«ከታች ጥላ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ቁልቁለቱ ላይ ችግር የለም፤ ሞተሩ አይሸከምም። ጋሕቴላይ አልፎ ሜዳው ሲዘረጋ ግን እግሬን እስከ ታች ረገጥኩት። መኪናዋ ተወነጨፈች። እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም፤ በዚያ ወፍራም አየር ጉልበቷ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ድምፅ ግን የላትም። የመንገዱ አቧራ፣ የግራሩ ጥላ፣ ሁሉም እንደ ሕልም ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ አፍታ ኮራሁባት። ከዚያ ያ የምናውቀው ድምፅ መጣ፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ።

«ትቀጠቀጣለች! እግርዎን ያንሱ!»

አላነሣሁም።

«አቦይ! ፒስተኑ!» ወደ ቁልፉ እጁን ዘረጋ። በክንዴ ያዝኩት። ያኔ ፊቴን አየ። እጁን ሳበ፤ ጀርባውን መቀመጫው ላይ አሳረፈና ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሁለታችንም ጠጠሩን እያዳመጥን ሄድን፤ ድምፁ እየበረታ፣ እየበረታ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር በኃይል ተሰበረና ከኋላችን መንገዱ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ።

ፀሐዩ ላይ ቆምን። ልጄ ካንዴላውን ፈትቶ አወጣ፤ ጫፉ ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ተለጥፎበታል። እያገላበጠ አየውና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«አባቴ ረሳ በላቸው። እርጅና ነው በል። ይሳቁብኝ።»

«እርስዎ ጂግለር ረሱ ቢባል ማን ያምናል?»

«እንዲያምኑ አድርግ» አልኩት።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዡ በገባች ማግስት ባለ ኮቱ ሰውዬ መጥቶ ፒስተኑን አየ። መሐሉ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረበት። እጁ ላይ አዙሮ አዙሮ አየው፤ በመሐረቡ ጥላሸቱን ጠረገ።

«የሚረሱ ሰው አይመስሉኝም ነበር፣ ማስትሮ።»

«ሰው ነኝ» አልኩት።

«እወ። ሰው ነዎት» አለ። ልጄን ረጅም ጊዜ አየው፤ ልጄም ዓይኑን አልሰበረም። ሰውዬው ቆቡን አጥልቆ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከተማው ግን ሰማ። የመካኒኮች ወሬ ከጋራዥ ጋራዥ ይዘላል። በቡና ቤት ሳልፍ «ማስትሮ፣ ባሕሩ አሁንም ታች ነው?» ይሉኝ ጀመር። መኪናቸውን ወደ ሌላ የወሰዱ ደንበኞች ነበሩ። ለሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም ነው፤ አልጸጸትበትም።

ለዚያ ሥራ ሌላ መኪና ተገኘ። ሌላ ሰው ነዳት። ከቤታችን አጠገብ የሚኖረው የልብስ ሰፊው ልጅ ነበር፤ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ አንዳንድ ቀን እኛ ጋራዥ መጥቶ ጎማ የሚነፋ። የያዙት መኪና ማዕዘን ላይ ሞተሯ ጠፋ ተባለ። ከኋላ የነበሩት ሦስቱ ሮጠው አመለጡ፤ እሱ ለማስነሳት ሲሞክር መሪው ላይ ተገደለ። ሬሳው ለቤተሰቡ አልተሰጠም። ድንኳን አልተተከለም፤ አልቃሽ አልተጠራም። ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ዘይት የሚበደር ወይም ልብስ የሚያሰፋ እየመሰለ፣ ይገባ ነበር።

እኔና ልጄም ገባን። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ መርፌው ላይ ያላለቀ እጅጌ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«መኪናህ የት ነው የተበላሸችው?» አለኝ።

«ከጋሕቴላይ በታች፣ ሜዳው ላይ።»

«እሷ ብትሆን አትጠፋም ነበር ይላሉ። በአንተ እጅ የተሠራች ብትሆን።»

«ይላሉ» አልኩት።

ጉልበቴን ያዘኝ። እጁ ቀላል ነበር። «እግዚአብሔር ሲያተርፍ እንዲህ ነው። አንተን አስረሳህ፤ የአንተን ልጅ አተረፈ። የእኔን ደግሞ…» አልጨረሰውም።

ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያየኝ ነበር። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሰውዬው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እጁም አሁንም ጉልበቴ ላይ ነው። «አሜን» አልኩ።

ልጄ በሩን ከፍቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ መንገዱ ማዶ ደርሷል። አንድ ጂፕ ቀስ ብሎ በመሐላችን መጣ፤ ወታደሮቹ ግራና ቀኝ እያዩን አለፉ። ሁለታችንም እጃችንን ከኪሳችን አውጥተን ቀጥ ብለን ቆምን። ካለፉ በኋላ ልጄ ወደ ቤት አልታጠፈም። ያን ሌሊት እናቱ በር ላይ ቆማ አደረች። ሜዳ መውጣቱን፣ ከታጋዮቹ ጋር መቀላቀሉን፣ የሰማነው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ለማንም አልከራከርም። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ግን አሁንም ጊንዳዕ ላይ አልቆምም።